ቀን ያልተጻፈበት ፊርማ

ጅዳ፣ ሙሐረም 17

ይድረስ ለልጄ ለኢንሺራ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ ጤናዋ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የሚያስቸግረኝ ጉልበቴ ብቻ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ልጆች ትምህርት ቤት ሳመላልስ ፍሬን የረገጥኩበት ስለሆነ አልፈርድበትም።

በስልክ ያልነገርኩሽ አውቄ ነው። እኛ ዘመዶች ጋ በስልክ የተባለ ነገር መግሪብ ሳይሰገድ አገር ያዳርሳል። ይህን ለዑምራ የመጣ ሰው በእጁ ያደርስልሻል።

የጎሳችን ሽማግሌ ሱልጣን ጉሮ ደውለውልኝ ነበር። ዘንድሮ ለክልላችን ምክር ቤት ምርጫው እንደ ድሮው ሰው ከሰው ተፋጦ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ፓርቲ ይመርጣል፤ ፓርቲው ባገኘው ድምፅ ልክ መቀመጫ ይደርሰዋል፤ ከዝርዝሩ ከላይ ያለው እየቀደመ ይገባል። የጎሳችን ሽማግሌዎች «የሐይቁ ልጆች» የሚባል ፓርቲ አቋቁመዋል። ሱልጣኑ አራተኛ ላይ አንቺን ማስገባት ይፈልጋሉ። «የተማረች መምህርት፣ አንደበቷ የተፈታ፣ መጠለያ ውስጥ ከሕዝቡ ጋር የምትኖር፤ ከእሷ የተሻለ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ ምን ላድርግ!

እምቢ እንዳትዪ። አባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የአጎቴ ልጅ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ሰሌዳ ፊደል የቆጠርን ወንድሜ ነው። የእሱ ልጅ ምክር ቤት ስትገባ ሳላይ አላህ አይውሰደኝ።

አጎትሽ ማካራምቦን


ማራዊ፣ ሶፈር 4

ለተከበሩ አጎቴ ለባፓ ማካራምቦን፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። ጉልበትዎን አላህ ያሽርልዎት። ደብዳቤውን ስምዎን ሳላነብ ነው ያወቅሁት፤ ሰባት ቁጥርን እንደ አባቴ ወገቧን በመስመር የሚያስራት እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት። እማዬ ወረቀቱን ይዛ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ «ቴምር አልላከም?» አለች።

ሱልጣን ጉሮ እኔም ጋ መጡ፤ ሦስት ሰው አስከትለው። መጠለያችን ወንበር ስለሌለው የሩዝ ጆንያ ላይ አስቀመጥኳቸው። እኛ አገር ሱልጣን ከመምህር ስለሚበዛ ብዙም አልደነገጥኩ።

«ልጄ፣ ሕጉ ሴት ካልገባችበት ዝርዝሩን አልቀበልም ይላል» አሉኝ።

«ታዲያ ሴት ጠፍቶ ነው እኔ ጋ የመጡት?»

«ሴትማ ሞልታለች። ሰው የሚሰማት ናት የጠፋችው።»

ሽማግሌ ሲያሞግስ ደስ ይላል፤ አልዋሽም። የምፈልገውን ግን ለእርስዎ በግልጽ ልንገርዎት። የቤታችንን መሬት አባቴ የገዛው በሽማግሌ ፊት፣ በቃል፣ ሩዝ ተበልቶ ነው። ጦርነቱ ሰፈሩን ካፈረሰው ወዲህ ካሳም ሆነ የመመለሻ ፈቃድ የሚሰጠው ካርታ ላለው ብቻ ነው። እኛ ሰፈር ካርታ ያለው ማን አለ? ሰባት መቶ አባወራ ምስክር እንጂ ካርታ የለውም። ማመልከቻ መቀበል የሚያበቃው ሻዕባን ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ምክር ቤት ቆሞ «የሽማግሌ ምስክርነት እንደ ካርታ ይቆጠር» ብሎ ካላስወሰነ እማዬ የምትሞተው እዚች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። እሷማ «ሹመቱን ለፈለገው ይስጡት፤ እኔ የራሴን በር በራሴ ቁልፍ ልዝጋ» ትላለች። ቁልፉ እስካሁን አንገቷ ላይ ነው፤ በሩ ግን የለም። የምገባው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ከንክኖኛል። ሱልጣኑ የመልቀቂያ ደብዳቤ ፈርሚ አሉኝ። ገና ሳልገባ! የቀኑ ቦታ ባዶ ሆኖ። «ደንብ ነው፣ ሁሉም ይፈርማል» ይላሉ። ምን ይሉኛል?

ደግሞ በዝርዝሩ ከእኔ ቀጥሎ አምስተኛ ላይ ያለው ልጅዎ ሞሐይሚን ነው አሉ። ምነው ሳይነግሩኝ?

ልጅዎ ኢንሺራ


ጅዳ፣ ረቢዕ አል-አወል 7

ለልጄ ለኢንሺራ፤

የአላህ ሰላም በአንቺና በእናትሽ ላይ ይሁን። ቴምሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ እናትሽ ብቻዋን እንዳትጨርሰው፣ ስኳር አለባት።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ደንቡን አውቀዋለሁ። ሰው በፓርቲ ስም ይገባና በማግስቱ ሌላው ጋ ይከዳል፤ እሱን ለመያዝ ነው። ልጓም ፈረስን ለመምራት ነው እንጂ ለማነቅ አይደለም። ፈርሚ።

ሱልጣኑ እጅ መቀመጡ ካሳሰበሽ ግን ልክ ነሽ፤ እኔም ከሩቅ ነው የማከብራቸው። «ወረቀቱን ባፓ ማካራምቦን ይያዘው» በያቸውና ለእኔ ላኪው። ቁርአኔ ውስጥ አኖረዋለሁ። መሃላችን ባሕር አለ፤ ማን መጥቶ ይወስደዋል? ያላንቺ ፈቃድ ከእጄ ቢወጣ የአባትሽ አጥንት ይውጋኝ።

ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቷል አሉ። እስቲ ዓሣው እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እዚህ የምንበላው የበረዶ ዓሣ ነው።

አጎትሽ


ማራዊ፣ ረቢዕ አል-አወል 25

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ቴምሩን እማዬ ብቻዋን ጨረሰችው።

ወረቀቱ በዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው። ፈርሜበታለሁ፤ ቀኑ ባዶ ነው። እርስዎ ጋ ይቀመጥ ስል ሱልጣኑ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «ጥሩ፣ ማካራምቦን ይሁን» ብለው ወዲያው እሺ አሉ። እንዲያ ቶሎ እሺ ሲሉ አይቻቸው ስለማላውቅ ገረመኝ። ብቻ ይሁን። ከዘመዱ ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ የማምነው እርስዎን ነው።

ቅስቀሳ ጀምረናል። ሦስቱ ወንዶች በመኪና ይዞራሉ፤ እኔ በእግሬ ከመጠለያ መጠለያ እሄዳለሁ። ሴቶቹ «የሐይቁ ልጆችን ብንመርጥ የምትገቢው አንቺ ነሽ?» ይሉኛል። «ሦስቱ ከገቡ በኋላ ድምፅ ከተረፈ እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ። ባቦ ሳሪፓ፣ ጎረቤታችን፣ «እኛ የለመድነው ከተረፈ መብላት ነው፤ እንመርጣለን» አለችኝ።

ሐይቁ ሞልቷል፤ ዓሣው ግን እንደ እኛው ከስቷል።

ኢንሺራ


ጅዳ፣ ረቢዕ አስ-ሳኒ 20

ልጄ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ወረቀቱ ደርሶኛል። ለ«እንኳን ደስ አለሽ» ባነር ማሠሪያ ለኡማር ማተሚያ ቤት ገንዘብ ልኬአለሁ። ፊትሽ ትልቅ ሆኖ ይውጣ፤ ከታች በቀኝ ጥግ የእኔን ፎቶ ያስገቡ፣ ኮት የለበስኩበትን። «ከአጎቷ ከማካራምቦን፣ ጅዳ» ይበል። ካልሆነ የእናትሽ ወንድሞች ቀድመው ይሰቅሉና እኔ የሌለሁ እመስላለሁ። እኛ ዘንድ ደስታን ቀድሞ ያልሰቀለ እንደ ቀናተኛ ነው የሚቆጠረው፤ ታውቂያለሽ።

አጎትሽ


ማራዊ፣ ጁማደል ኡላ 11

ለተከበሩ አጎቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አልሐምዱሊላህ! ገባሁ!

ስልክ ላይ እንደሰሙት አውቃለሁ፤ በደብዳቤ መድገሙ ግን ደስ አለኝ። ፓርቲው ሦስት መቀመጫ ሞልቶ የተረፈ ድምፅ ነበረው። አራተኛውን መቀመጫ ለመውሰድ ከሌላው ፓርቲ ትርፍ መብለጥ ነበረበት፤ በሦስት መቶ አሥራ አንድ በለጠ። ያ ሦስት መቶ አሥራ አንድ የመጠለያው ሰው ነው። ተደግፎ የመጣ አለ፤ ባቦ ሳሪፓ ባሏን በጋሪ ገፍታ አምጥታዋለች፣ እየተሳደበች። አምስተኛው አልገባም። ሞሐይሚን መጥቶ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ፤ ዓይኑ ግን መሬት ላይ ነበር። አዘንኩለት።

ባነርዎ መንገዱ አፍ ላይ ተሰቅሏል። ኮቱ ያምርብዎታል። የእማዬ ወንድሞች ከእርስዎ በአንድ ቀን ዘግይተው ሰቀሉ፤ ተናደዋል።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ያቺን ወረቀት ይቅደዱልኝ። እኔ የትም አልከዳም። የሰው ፊርማ ባሕር ማዶ ተቀምጦ እንቅልፍ አይወስድም።

ኢንሺራ


ጅዳ፣ ረጀብ 2

ለልጄ ለኢንሺራ፤

እንዴት ነሽ? እናትሽ ስኳሯን ተለካች? ሳልጽፍ የቆየሁት በጉልበቴ ነው፣ ደግሞም ሥራው። አሠሪዎቼ ኮንትራትህ ረመዳን ላይ ያበቃል፣ አናድስም አሉኝ። ሽማግሌ ሾፌር አይፈልጉም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት!

ምክር ቤቱ እንዴት ነው? ወንበርሽ ከየት በኩል ነው? የምትናገሪው ቀን መቼ ነው? ቀኑን በትክክል ጻፊልኝ፤ ዱዓ እንዳደርግልሽ። በትምህርት ቤቱስ በቦታሽ ሰው ቀጥረዋል ወይስ ጠብቀውልሻል?

ወረቀቱ ደህና ነው፤ አትቸኩዪ።

አጎትሽ


ኮታባቶ፣ ረጀብ 19

ለተከበሩ አጎቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለ ሥራዎ በጣም አዘንኩ፤ አላህ የተሻለውን በር ይክፈትልዎት። አገርዎ ቤትዎ ነው፤ ይምጡ።

እዚህ ምክር ቤቱ ፊት የምናገረው ሐሙስ፣ ሻዕባን 9 ነው። አጀንዳው ተይዟል። ከሌሎች ፓርቲዎች ጋር ሳወራ ሰንብቻለሁ፤ ብዙዎቹ እጃችንን እናወጣለን ብለውኛል። አንዱ ሽማግሌ አባል «የእኔም ቤት በቃል የተገዛ ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገር ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ። እኔ እናገራለሁ። የሰባት መቶውን ስም ከነምስክሮቹ ደብተር ላይ ጽፌ ጨርሻለሁ።

ትምህርት ቤቱ በቦታዬ ሰው ቀጥሯል። ምነው ጠየቁኝ?

አጎቴ፣ እኔም ልጠይቅዎት። ወረቀቱን ቀደዱት ወይስ አልቀደዱትም? «ደህና ነው» መልስ አይደለም፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ሲመልሱ ዜሮ ነበር የምሰጣቸው። ደግሞ በእነዚህ ሁሉ ደብዳቤዎች አንድም ጊዜ ስለ ሞሐይሚን አንስተው አያውቁም። የሐይቁን ዓሣ ይጠይቁኛል፣ ልጅዎን አይጠይቁኝም። ተጣልታችኋል እንዴ?

ኢንሺራ


ማራዊ፣ ሻዕባን 12

ባፓ ማካራምቦን፤

ሰላምታ ልጽፍ ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ።

ማክሰኞ የእማዬን መድኃኒት ይዤ ከኮታባቶ መጣሁ። የመጠለያው መንገድ አፍ ላይ የእኔ ባነር የነበረበት ቦታ አዲስ ባነር ተሰቅሏል። «የተከበሩ የምክር ቤት አባል ሞሐይሚን፣ እንኳን ደስ አለህ! ከኩሩው አባትህ ከማካራምቦን፣ ጅዳ።» ጥጉ ላይ እርስዎ ነዎት፤ በዚያው ኮት። የእኔ ተጠቅልሎ ከምሰሶው ሥር ወድቋል።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ማተሚያ ቤቱ የተሳሳተ መሰለኝ። ባቦ ሳሪፓ ከቤቷ ወጥታ መጣች።

«አንቺ፣ መቼ ነው የለቀቅሽው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ባለቤቴን በጋሪ ገፍቼ ነው የመረጥኩሽ። ለምን ሳትነግሪን ለቀቅሽ?»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ኮታባቶ ሄድኩ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ደብዳቤውን አውጥታ አሳየችኝ። «ፊርማው ያንቺ አይደለም?» አለች። የእኔ ነው። በራሴ እጅ የፈረምኩት፣ በራሴ ፖስታ የላክሁት ነው። የቀኑ ቦታ ላይ ሰባት ተጽፏል። ወገቧ የታሰረ ሰባት። ያችን ሰባት ከሺህ ቁጥር መሃል ለይቼ አውቃታለሁ፤ በአባቴ ደብተሮች ላይ ነው ያደግሁት። «በዚህ ቀን በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ይላል። በዚያ ቀን እኔ ለእናቴ ሩዝ እየቀቀልኩ ነበር።

«ከዝርዝሩ ቀጣዩ ይተካል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው» አለችኝ። ሕጉማ አልተነካም። አንድም ነገር አልተጣሰም። ቆጥራችሁ ነው የሠራችሁት፦ ሴት አስገቡ፣ የመጠለያውን ድምፅ ሰብስቡባት፣ ከዚያ አውጧት። ሞሐይሚን አምስተኛ ሆኖ በራሱ የማይገባበትን በር እኔ በሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ትከሻ ከፈትኩለት።

ሐሙስ ከሕዝቡ ጋር ከኋላ ተቀምጬ አየሁት። ማለ፣ ተጨበጨበለት። የእኛ ጉዳይ ሲደርስ አፈ ጉባኤው «አቅራቢዋ ለቅቀዋል፤ በቦታቸው የሚናገር አለ?» አሉ። ልጅዎ ብድግ አለ። «እ... እስካጠናው ድረስ» ብሎ ተቀመጠ። በይደር ተያዘ። የሚቀጥለው ስብሰባ ከዒድ በኋላ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ሻዕባን ሲወጣ እንደሆነ ጽፌልዎት ነበር። ያውቁ ነበር። የምናገርበትን ቀንም እርስዎ ጠይቀውኝ፣ እኔው በእጄ ጻፍኩልዎት። ለዱዓ ብለው!

የአባትሽ አጥንት ይውጋኝ ብለው ምለው ነበር። አባቴ የዋህ ሰው ነበር፤ ሞቶም አይወጋዎትም። ያ ነው የሚያቃጥለኝ።

ኢንሺራ


ጅዳ፣ ረመዳን 1

ለልጄ ለኢንሺራ፤

ረመዳን ሙባረክ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ባነሩ ሐሙስ ይሰቀል ብዬ ነበር፤ ወላሂ ሐሙስ ብዬ ነበር። እስከዚያ ሱልጣኑ ራሳቸው ጠርተው ሊነግሩሽ ነበር። ግን የሚስቴ ወንድሞች የራሳቸውን ሊያሳትሙ ነው ሲባል ኡማር ለእኔ ተቆርቁሮ ማክሰኞ ሰቀለው። እንደዚያ ሆኖ መስማትሽ አሳፍሮኛል።

ለምን እንዳደረግሁት ትጠይቂኛለሽ። ሱልጣኑ ከመጀመሪያውም የነገሩኝ አንቺ እንድትገቢና ቦታሽን ሞሐይሚን እንዲወስድ ነበር። ሞሐይሚን አንድ ልጄ ነው። እኔ የሌሎችን ልጆች ትምህርት ቤት ሳደርስ እሱን ያደረሰው የለም፤ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ወደቀ፣ ሥራ የለው፣ ትዳር የለው። እኔ ደግሞ ባዶ እጄን ልመለስ ነው። አንቺ ተምረሻል፣ የትም ብትወድቂ ትነሺያለሽ። እሱ አይነሳም። ስለ እሱ ያልጠየቅሁሽ ስሙን ከጻፍኩ የቀረውንም እንዳልጽፍ ፈርቼ ነው።

ማመልከቻው መዘጋቱን ሰማሁ። ከአላህ የመጣ ነው፤ ምን ይደረጋል።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ስለ አባትሽ ብለሽ። ምክር ቤቱ ከዒድ በኋላ ሲሰበሰብ ሞሐይሚን ካልተናገረ መሳቂያ መሆኑ ነው። አሁንም «እስካጠናው» እያሉ በየመንገዱ ይጠሩታል። አንቺ ያዘጋጀሽው ንግግር አለ። ለአንቺ ከእንግዲህ አይጠቅምሽም። ላኪልኝ፤ እሰጠዋለሁ። በቃሉ ይይዘዋል።

ይቅር በይኝ አልልም፤ አፌ አይደፍርም።

አጎትሽ ማካራምቦን


ማራዊ፣ ረመዳን 20

ለባፓ ማካራምቦን፤

እማዬ «ሰላም በይው፤ ሽማግሌ ነው» ስላለች ሰላም ብዬአለሁ።

ትምህርት ቤቱ አልመለሰኝም። ሰባት መቶ ስም የያዘው ደብተር እዚህ ትራሴ ሥር አለ፤ ሰዎቹ እየመጡ «የእኔ ስም አለበት?» ይሉኛል። አለበት እላቸዋለሁ። ምን ልበላቸው?

ዝናቡ ጠንክሯል። ጣራችን ያፈሳል። ባቦ ሳሪፓ ያንን የልጅዎን ባነር ቆርጣ አመጣችና ከእኔው ጋር ደርበን ጣራው ላይ ዘረጋነው። የእሱን ከውስጥ አደረግነው፤ ከላይ የእኔን ፊት ዝናቡ ይመታዋል። እማዬ ስትጋደም ከራሷ በላይ የሚታያት እርስዎ ነዎት፣ ጥጉ ላይ፣ በኮትዎ። ትናንት በኢፍጣር ሰዓት ቀና ብላ አይታ «ማካራምቦን ቢያንስ አንድ ጣራ ሠራልን» አለች። ከዚያ ከአንገቷ ቁልፉን አውልቃ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ስምንት ዓመት አውልቃው አታውቅም ነበር።

የጠየቁኝን ንግግር በዚሁ ፖስታ ልኬአለሁ። ወረቀቱ ባዶ ነው ብለው እንዳይደነግጡ፤ ከታች ፈርሜበታለሁ። ጽሑፉንም ቀኑንም እርስዎ ይሙሉበት።

ኢንሺራ